አፍ የሚፈታው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የልጅ ልደት ላይ ተጠርቼ ነበር። መቼም የዘንድሮን ልደት ታውቁታላችሁ… ፊኛው አለ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ኬኩ አለ፣ ጆሮ የሚበሳው ሙዚቃ አለ፣ ጥጋቸውን ይዘው ስለ ቤት ኪራይ የሚያወሩ አባቶች አሉ። ባለ ልደቱም አለ፤ ግን ያለ አይመስልም። ሁለት ዓመት የሞላው ማሙሽ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ፣ ስልክ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ሻማ ሊያጠፋ ነው ተብሎ ስልኩን ሲወስዱበት ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። ወዲያው መለሱለት። ሻማውን እናቱ እፍ አለችለት፤ እኛም አጨበጨብን።

እናላችሁ፣ አባትየው «ቆይ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለና ልጁ ፊት ቁጢጥ ብሎ «ዋን?» አለው። ልጁ እንዳቀረቀረ «ቱ» አለ። «ስሪ?» «ፎር!» እንዲህ እያሉ አሥር ደረሱ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዷ እንግዳ «ውይ ሲያምር! በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የምታወሩት?» ብትል፣ እናትየው «ኧረ እኛ ምንም አላስተማርነው፤ ራሱ ነው ከዩቲዩብ የለቀመው» አለች። በኩራት ነው ያለችው።

የልጁ አያት ለልደቱ ብለው ድፎ ዳቦ ጋግረው ከገጠር መጥተዋል። ከጥግ ሆነው ሁሉን ሲታዘቡ ቆዩና ልጃቸውን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ… ይሄ ልጅ ማንን ነው የሚያዋራው?» አሏት።

«እንዴት እማዬ?»

«ውሃ ሲጠማው ለማን ነው የሚናገር?»

እናትየው ሳቀች። «እጄን ይጎትትና ፍሪጁ ጋ ይወስደኛላ!»

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አያትየው አልሳቁም። እኔም መሳቅ አልሆነልኝም፤ ለምን እንዳልሆነልኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

«አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን። ቃሉን ቅጽ ላይ ስንሞላው፣ ሪፖርት ላይ ስንጽፈው ኖረን ትርጉሙን ረስተነዋል። ፈረንጅ «የእናት ቋንቋ» ይለዋል። የእኛ አባባል ግን ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው… አፍ የታሰረ ነው፤ ይፈታል። «ልጁ አፉን ፈታ» ስንልም ፈቺው ልጁ ራሱ እንደሆነ እንመሰክራለን። ደግም አድርገን! ግን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው የክሩን ሌላኛ ጫፍ የሚይዝለት ይፈልጋል። በየቤታችን ይህን ጫፍ የያዘው ማነው? የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ከጨቅላ ጋር ማውራት እኛ ዘንድ ቁም ነገር አይደለም። አራስ ልንጠይቅ እንሄዳለን። ልጁን እንታቀፍና በአናቱ ላይ እርስ በርስ እናወራለን። «ማንን መሰለ?» «አፍንጫው የአባቱ ነው!» ሕፃኑ ፊታችንን አተኩሮ ያያል፤ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ እጁን ያወናጭፋል። ማንም አይመልስለትም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያናግረው «ምን ያውቃል ብለህ ነው?» ይባላል። ደግሞ የምስጋናችን ነገር! ዝም የሚል ልጅ ያላትን እናት ምን እንደምንላት ታውቃላችሁ፤ «ታድለሽ! መኖሩም እኮ አይታወቅ!» እንላታለን። እስቲ አስቡት፣ በሕይወቱ የተሰጠው የመጀመሪያ ምስጋና መኖሩ ባለመታወቁ ነው። ከፍ ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ደግሞ «ምላሱ ረዘመ» ይባላል። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ከገባ በዓይን ይገረፋል። ኋላ ስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣ፣ አለቃው ፊት ቃል የሚጠፋው ሰው ሲሆን «የዘንድሮ ወጣት ራሱን መግለጽ አይችልም» ብለን ወርክሾፕ እናዘጋጅለታለን።

«ምን ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው፣ እሱን ለመስማት ሲሉ አጠባባቸውን እንደሚለዋውጡ አሳይተዋል። ሦስት ቀን! እኛ ገና ገንፎውን እየበላን ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ወርከርና ቲስ ካናዳ ውስጥ የሠሩት ጥናት አለ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የስድስትና የስምንት ወር ሕፃናት፣ አዋቂ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መለየት የሚቸግረውን የሕንድኛና የአንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ድምፆች ይለያሉ። የዚያ ነባር ቋንቋ ድምፆች እንደኛ «ቀ» ፈንድተው የሚወጡ ናቸው። እነዚያው ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ችሎታው አብዛኛውን ይጠፋቸዋል። ደንቁረው አይደለም፤ በዙሪያቸው የሚሰሙትን እየያዙ፣ የማይሰሙትን እየጣሉ ነው። «ምንም አያውቅም» ያልነው ልጅ አንድም ቃል ሳይናገር ሥራውን አጋምሷል ማለት ነው።

ታዲያ ስልኩስ አያወራም ወይ? ያወራል እንጂ፤ ከእኛ የበለጠ ያወራል። ለዚህም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለ12 ጊዜ ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዱን ቡድን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አጫወተው። ሌሎቹ ያንኑ ቻይንኛ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ ሰሙት። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለይተው ያዙ። ማሽን የሰሙት ምንም አልያዙም። ድምፁ ያው፣ ቃሉ ያው፤ የጎደለው ሰውየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲስኒ «ቤቢ አንስታይን» ይባሉ የነበሩትን የሕፃናት ቪዲዮዎች ለገዙ ወላጆች ገንዘብ እመልሳለሁ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ሁለት ዓመት የሞላውም ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። የእኛው ማሙሽ «ዋን» ሲሉት «ቱ» ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ሸመደደ እንጂ አወራ አይባልም። ያወራ የሚባለውማ «ውሃ» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው።

ደግሞም ስልኩን የያዘው ልጁ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት አንድ ሙከራ አለ። እናት ከሕፃኗ ጋር እየተጫወተች ሳለ ፊቷን ድርቅ አድርጋ ዝም እንድትል ትደረጋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይልላታል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ድምፅ ያሰማል። እምቢ ስትለው ፊቱን ያዞራል፤ በመጨረሻም ያለቅሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። እስቲ ዛሬ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው ስታዩ ፊቱን ልብ በሉት። ለትሮኒክ ሙከራ የተቀጠረ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሌላውን መተቸት ቀላል ነው።

የበኩር ልጄ የተወለደው በ1993 ዓ.ም. ነው። እኔ እንጀራዬን የምበላው ከጽሑፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቃል ስመርጥ፣ ቃል ስሰርዝ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን ቃሌ አልቋል። ልጄን አነሳዋለሁ፣ እስመዋለሁ፣ ወርወር አድርጌ እቀልበዋለሁ፤ ከዚያ ለእናቱ መልሼ ጋዜጣዬን እዘረጋለሁ። «ሲያድግ እናወራለን» ነበር ሐሳቤ። ሲያድግ!

ባለቤቴ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጁ ከሠራተኛችን ጋር ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት። እና ይቺ ልጅ ታወራለች። ከእኛ ጋር አይደለም፤ እኛ ፊት አንገቷን ደፍታ «አቤት» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። የምታወራው ከልጁ ጋር ነው። አዝላው ልብስ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ከሰል ስታያይዝ… ወሬ ነው።

አንድ ቀን ልጄ አፉን ፈታ። እኔ «አባ»ን፣ ባለቤቴ «እማ»ን ስንጠብቅ፣ እሱ መጀመሪያ የጠራው የሠራተኛችንን ስም ነው። ያውም ግማሹን ውጦ። ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ ሳቅኩ፤ ውስጤን ግን ቅር ብሎታል። በሳምንቱ ልጅቷን ጠርተን «ብዙ አታዋሪው፤ የገጠር አነጋገር ይለምድና አማርኛው ይበላሻል። ከፈለገ ቴሌቪዥኑን ክፈችለት» አልናት። «እሺ ጋሼ» አለች።

ነገሩ ቅናት ነበር። አማርኛው ሰበብ ነው። እዚህ ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲያ በክረምት፣ አንድ ቀን በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ። በረንዳ ላይ ታቅፋው ቆማለች። አላየችኝም። «ይኼ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ዝም ትልና ትጠብቀዋለች። «እእ…» ይላል። «አዎ፣ ካፊያ ነው! ቆይ ደግሞ ዶፉ ይመጣል። ነፋሱ ሲገፋው አየኸው? ወጨፎ ይባላል። ወጨፎ! እንግባ ወይስ እንቆይ?» ደግሞ ዝም። ደግሞ ትጠብቃለች። ልጁ እጁን ወደ ዝናቡ ዘረጋ። «እንቆይ አልከኝ? እሺ ጌታዬ፣ እንቆያለን!»

እኔ ያኔ የታየኝ ትእዛዛችንን መጣሷ ብቻ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ክው ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ያ ዝም ብላ መጠበቋ ምን እንደነበረ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ 36 ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ከልጆቹ የቋንቋ ችሎታና ከአእምሯቸው የቋንቋ ክፍል እንቅስቃሴ ጋር ይበልጥ ተዛምዶ የተገኘው፣ ልጁ የሰማው ቃል ብዛት ሳይሆን ከትልቅ ሰው ጋር ቃል የተቀባበለበት ጊዜ ብዛት ነው። መቀባበል ማለት እኮ እንቆቅልሽ ማለት ነው… «እንቆቅልህ» ትላለህ፣ «ምን አውቅልህ» እስክትባል ትጠብቃለህ። ካልተባልክ ጨዋታው አይቀጥልም። ልጅቷ ከአያቷ የወረሰችውን ነበር የምትሠራው። ሥራዋን «አማርኛ ማበላሸት» ብለን የሰየምነው እኛ የተማርነው ነን።

አሁንም ብዙ አልተለወጠም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀናት። በሦስት ቀን ውስጥ እንኳን ሊያወራ፣ ልጁን አስተካክሎ መታቀፍም አይለምድ! ከዘጠና ቀን በኋላ ልጁ ከአያት፣ ከማቆያ ወይም ከሠራተኛ ጋር ነው። እንግዲህ የስንቱን ከተሜ ልጅ አፍ የሚፈቱት የቤት ሠራተኞች ናቸው። እነሱን ደግሞ ያው አዋጅ ከሽፋኑ ውጪ ትቷቸዋል። ለትምህርት ቤት በተርም ስንት ሺህ የምንከፍል ሰዎች፣ የመጀመሪያዋን አስተማሪ ደመወዝ ስንደራደር ግን መቶ ብር እንቆጥራለን።

ስለ እንግሊዝኛውም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ቋንቋ ልጅን አይጎዳም፤ ሦስትም አይጎዳውም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ባልና ሚስት በአማርኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ፣ በአማርኛ ይቀልዳሉ፤ ወደ ልጁ ዞር ሲሉ ግን «ካም ሂር፣ ሲት ዳውን፣ ዶንት ተች» ነው። እንግሊዝኛቸው የምትበቃው ለትእዛዝ ብቻ ነዋ! በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በጉራጊኛም ያደገ ወላጅ እንዲሁ ነው። ቀልዱን፣ ተረቱን፣ ቁጣውንና ቁልምጫውን በሚያውቅበት ቋንቋ ትቶ፣ ልጁን በማይቀልድበት ቋንቋ ያሳድገዋል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተማር መከራ ያያሉ፤ እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን በነፃ የመጣውን እንገፋለን።

«ኧረ ባክህ! እኛን ማን አዋርቶን ነው? ይኸው እንናገር የለም ወይ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦክስና ሺፈሊን የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የካሉሊ እናቶች ጨቅላን እንደ ወሬ ጓደኛ እንደማይቆጥሩ፣ ልጆቻቸው ግን ቋንቋውን እንደማንም ልጅ እንደሚለምዱ ጽፈዋል። አፍ ለመፍታት አንድ መንገድ ብቻ የለም። ግን የካሉሊ ልጅም፣ የእኛም የድሮ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው መሀል ነው የሚውለው። አዝለነው ወፍጮ ቤት ሄደናል፤ ቡና ተጠርተናል፤ ጎረቤት በአጥር ላይ ተጣርቷል፤ ታላቅ እህቱ አቅፋው ሰፈሩን ዞራለች። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ በሩ የተዘጋ ነው። የድሮውን ዝምታ ይዘን የድሮውን ግርግር ጣልነው። በግርግሩ ቦታ ስልክ አስቀመጥንበት።

ደግሞ ነገሩን ወደ ሒሳብ እንዳንለውጠው እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሃርትና ሪዝሊ በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው፣ የድሃ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው ከሀብታም ልጅ 30 ሚሊዮን ቃላት ያነሰ ይሰማል ብለው ገመቱ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔሪና ባልደረቦቹ ደግሞ በሌሎች ማኅበረሰቦች ቢፈትሹት እንደዚያ ሆኖ አላገኙትም፤ በቤቱ ውስጥ ከእናት ሌላ የሚያወራው ሰው ሲቆጠር ሥዕሉ ይለወጣል። እኔ ግን ድሮም በቤቴ አይቼዋለሁ። ደመወዝ ከፋዩ ቃል አልቆበት፣ ደመወዝ ተቀባይዋ ቃል ሞልቶ ይፈስስባት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ልጅ አፉን ሳይፈታ የሚቆየው ሁልጊዜ አዋሪ ስላጣ አይደለም። ጆሮው ላይሰማ ይችላል፤ ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል። የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የኦቲዝምን ነገር በአደባባይ ሲያስተምሩ የኖሩት እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች ላይ ጣት ይቀሰር ስለነበር ነው። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ጎረቤታችሁን «አላዋራሽው ብለሽ ነው» እንዳትሏት፤ አደራ! ልጁ ከዘገየ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሚዋራውም ያው እየተዋራ።

ልደቱ ላይ አያትየው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሰው ሲበታተን ልጁ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን አልነጠቁትም። ከድፎው ቆረስ አድርገው «እንካ» ብለው ዘረጉለት። ቀና አላለም። ጠበቁት። እጃቸው በአየር ላይ እንደተዘረጋ ጠበቁት። ቆይቶ ቀና አለና አያቸው። «ዳቦ ነው። ዳቦ። ልስጥህ?» አሉት። ልጁ አልመለሰም። ስልኩን ግን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እኔ ስወጣ እሳቸው ገና እየጠበቁ ነበር።

የእኔ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ሥራ ይዟል። ያቺ ሠራተኛችን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፤ ዐረብ አገር ሄደች ሲባል ሰምቻለሁ። ልጁ ስሟንም መልኳንም አያውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ትከሻው ረጥቦ ገባና ጃኬቱን እያራገፈ፣ «መጠለያው ሥር ቆሜ እንኳ ወጨፎው በሰበሰኝ!» አለ።

«ይህን ቃል ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«የቱን?»

«ወጨፎ።»

ገርሞት አየኝ። «እኔ እንጃ… ከእናንተ ነዋ! ከማን ልስማው?»